የደቻቱ ውኃ ወዴት ይሂድ?

ድሬዳዋ ያደገ ሰው «ደቻቱ መጣ!» የሚለውን ጩኸት ያውቀዋል፤ ደቻቱ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ነው። ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቷል፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከከተማው በላይ ባለው የደንገጎ ተራራ ላይ ግን ሲዘንብ ውሏል። መጀመሪያ የሚደርሰው ድምፁ ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ አረፋውን ተሸክሞ፣ ቅርንጫፉንና የሃይላንዱን ኮዳ ፊት ፊቱ እየነዳ ድፍርሱ ይመጣል። አሸዋው ላይ ኳስ ስንጫወት የነበርን ልጆች ጫማችንን አንጠልጥለን ወደ ዳር እንሮጥ ነበር። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውኃው የለም። የሚቀረው እርጥብ አሸዋ ብቻ ነው።

በማግስቱ እናቴ ባዶ ጀሪካን አስይዛ ቧንቧ ትልከኛለች። ወረፋው ረጅም ነው፤ ቧንቧውም አንዳንዴ ንፋስ ብቻ ይተነፍሳል። ትናንት መንደር ሊወስድ የነበረ ውኃ ዛሬ አንድ ጀሪካን የማይሞላው ለምንድን ነው? ጥያቄው ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። በዚያ ሌሊት ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያላጣ የድሬ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ በኋላ የወንዙ ዳርና ዳር በግንብ ተጠናከረ። ግንቡን የሚያናንቅ ሰው ካለ እኔ አብሬው አልቆምም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቿን አቅፋ የምትተኛ እናት ግንቡ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ግን የግንብ ሥራው ውኃውን ቶሎ ማሳለፍ ነው። ያሳልፈዋል፤ ውኃውም ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ ወርዶ ይበተናል። እኛም ተመልሰን ወረፋ እንይዛለን።

የቦታውን አቀማመጥ እንይ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ ሐረር ድረስ ተራራ መውጣት ስላልቻለ እግርጌው ላይ ቆመና ድሬዳዋ ተፈጠረች፤ ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮችም ደቻቱን መሐል አድርገው አደጉ። ከበላይ ያለው የደንገጎ ሸንተረር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ከተማዋ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመኪና ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ለውኃ የጥቂት ጊዜ ቁልቁለት ነው። ዛፉ የተመነጠረ፣ አፈሩ የታጠበ ገደል ደግሞ ዝናቡን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ወዲያው ያንሸራትተዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ቧንቧው እንመለስ። ድሬ የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው፤ ከዋና መገኛዎቹ አንዱም ሳቢያን ሰፈር ነው። ውኃው ጠንካራ ነው። እናቴ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በቢላ ስትፍቅ ያየሁት ሁሌ ነው፤ ፍቃ ብታወጣውም በወሩ ተመልሶ ይጋገራል። ያ ቅርፊት የመጣው ከዚያው ተራራ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ፣ ኖራውን አሟሙቶ፣ ከሥር ተጉዞ ሳቢያን ይደርሳል። እንግዲህ የጉድጓዱ ውኃና የጎርፉ ውኃ የአንድ ደመና ልጆች ናቸው። አንደኛው ለመስረግ ጊዜ አገኘ፤ ሌላኛው አላገኘም።

በጀቱን ስናይ ግን ሁለቱ የማይተዋወቁ ነገሮች ይመስላሉ። ግንቡ የአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ጉድጓዱ የሌላው፣ የተራራው እርከን የሦስተኛው ነው። ተራራው ደግሞ አብዛኛው ከከተማ አስተዳደሩ ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ደቻቱ ወሰን አይጠይቅም፤ ዕቅዳችን ግን ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዋናው ሕመማችን ይህ ይመስለኛል።

ከተራራው ማዶ የሆነውን ያየ ሰው ሊማር ይገባዋል። ሐረር ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነው። ለከተማው ተቀዳ፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ተሳበ፣ ከጋራው የታጠበው አፈር ወለሉን ሞላው። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ዳሩን ይዞ የነበረው ረግረግና ወፎቹም አብረው ሄዱ። ሐረር ውኃ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደች፤ ድሬዳዋ አጠገብ ካለው ሐሰሊሶ የተቆፈረ ውኃ በፓምፕ ተራራ ሽቅብ እየተገፋ ሄደላት። ደጋው ዝናቡን ቁልቁል ይለቃል፤ ከዚያ በመብራት ኃይል መልሰን እንስበዋለን። ሐሮማያ በቅርብ ዓመታት ተመልሶ ውኃ ይዟል። ለእኔ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ግን በሞተር ከከበብነው ዳግመኛ ማድረቅ ቀላል ነው።

ከተማው ውስጥ ያለው ቦይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት ሊገባ ሲል ወጣቶች አካፋ ይዘው ይወጣሉ፤ አሸዋውንና ፌስታሉን ዝቀው ቦዩ አፍ ላይ ይከምሩታል። ክምሩን የሚያነሳ መኪና አይመጣም። የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ እዚያው ይመልሰዋል። ባለፈው ዓመት የቆጠርኩት አንድ ክምር ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ገባ። ለመጥረጊያው ገንዘብ ሲመደብ የጭነቱም አብሮ ይመደብ፤ ይህን ለማድረግ ጥናት አያስፈልግም። በዚያ ላይ አብዛኛው ቤት መጸዳጃው ጉድጓድ ነው። ከሥር የሚሰርገው ናይትሬት በከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ታይቷል። ፍሳሹን ሳያስቡ ጉድጓድ መጨመር ያለንን መመረዝ ነው።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ደቻቱ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት «እዚህ መሸጥ አያስፈራሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «የት ልሂድ? ክረምት ሲሆን ጆሮዬን ወደ ላይ አድርጌ ነው የምሸጠው» አለችኝ። ይህች ሴት በጆሮዋ ብቻ መጠበቅ የለባትም። ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ስልኳ ላይ መልእክት ሊደርሳት ይገባል። ከዚያ በላይ ግን ውኃው ከላይ እንዲዘገይላት እፈልጋለሁ፦ ገደሉ በእርከን ይታሰር፣ በየሸለቆው ክትር ይሠራ፣ ከደጋው የወረደው ጎርፍ አሸዋው ላይ ተንሸራሽሮ እንዲሰርግ ቦታ ይተውለት። የደቻቱን አሸዋ በሲኖትራክ እየጫኑ መሸጥም ገደብ ይኑረው፤ ያ አሸዋ የከተማው ስፖንጅ ነው።

ባለፈው በጋ ከከተማው ወጣ ብዬ ወንዙን ሽቅብ ተከትዬው ነበር። የድንጋይ ክትር አገኘሁ። ከበስተጀርባው አሸዋ ሞልቶበታል፤ ላዩ ደረቅ፣ እግር የሚያቃጥል ነው። አንዲት ልጅ ተንበርክካ በእጇ ትቆፍራለች። ክንዷ እስከ ክርኑ ሲገባ አሸዋው ጠቆረ፤ ቆይቶ ጉድጓዷ ውስጥ ውኃ ተጠራቀመ። በጣሳ እየጨለፈች፣ ሳትቸኩል፣ ጀሪካኗን ሞላች።