አምቦን በጠርሙስ ብቻ ለምናውቅ

እስቲ አንድ ጥያቄ እናስቀድም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ስንት ጊዜ ወጥታችኋል? ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባች እህት ስንቅ ለማድረስ የሄዳችሁትን አትቁጠሩ። ዝም ብላችሁ፣ አገር ለማየት ብቻ የሄዳችሁትን ቁጠሩ…

እኛ ስንቆጥር ዜሮ መጣ። አራት ጓደኛሞች ነን፣ ሁላችንም በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለን። ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የተመረቅንም አለን (ስለ አገር ለመጻፍ ዲግሪ ይዘናል ማለት ነው!)። አምቦን የምናውቃት ክትፎ ከተበላ በኋላ በሚከፈተው ጠርሙስ ነው። ከአምቦ አለፍ ብላ ያለችውን ጉደርንም የምናውቃት በጠርሙስ ነው፤ ያውም በቀዩ ወይን። ሁለት ከተሞችን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን፣ ጠጥተን፣ ሒሳብ ከፍለን ወደ ቤታችን የምንገባ ልጆች ነን።

ስለ ጉዞ አናወራም እንዳትሉን ብቻ! ከጉዞ ሌላ ወሬም የለን። ዱባይ፣ ባንኮክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛንዚባር። የዛንዚባርን ነጭ አሸዋ ስልካችን ላይ ከማየታችን ብዛት የሄድንበት ሁሉ ይመስለናል። የወሬው መጨረሻ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ብር ሲኖረን»። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ይቺ «ሲኖረን» ጭራሽ ራቀች። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ የማትጠይቀው ናይሮቢ እንኳ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሸሸችን መሰለን።

«እሺ፣ አገር ውስጥስ?» ብትሉን መልሳችን ያው ነው። ላሊበላ በአውሮፕላን፣ ሐዋሳ በሪዞርት፣ እሱም ብር ሲኖረን። የዛሬው ጽሑፋችን ክርክር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቤት ያስቀመጠን የኪሳችን መሳሳት ብቻ አይደለም። ጉዞ ማለት ምን እንደሆነ የተማርነው ለእኛ ኪስ ካልተሰፋ ልብስ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ሥራውን ሲጀምሩ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ ፈጠሩ፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው የታሪካዊ ጉዞ መስመርም ስመ ጥር ሆነ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ባርኔጣችንን እናነሣለን። ግን የታሰበው ዶላር ይዞ በአውሮፕላን ለሚመጣ የውጭ እንግዳ ነበር። አገሪቱ ምንዛሪ ያስፈልጋት ነበርና አይፈረድም። የሚፈረደው በእኛ ነው፤ በእንግዳው ዓይን አገራችንን ማየት ወርሰን ቀረን። «የቱሪስት ቦታ» ስንል ፈረንጅ የሚሄድበት ቦታ ማለታችን ነው። ፈረንጅ በብዛት ያልሄደበት መንገድ መንገድ አይመስለንም።

የአምቦ መንገድ እንደዚያ ነው። ከአስኮ መናኸሪያ ተሳፍራችሁ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ብትጓዙ አምቦ ትገባላችሁ። ዋጋውን አንጽፍም፤ ዘንድሮ የተጻፈ ዋጋ እስኪነበብ ድረስ ያረጃል። እኛን ከጠየቃችሁን ግን የደርሶ መልስ ትኬቱ አንድ ቅዳሜ ቦሌ አካባቢ ተቀምጠን ስለ ዛንዚባር ስናወራ ከምናጠፋው አነሰን።

በዚያ ትኬት ምን ይታያል? ቡራዩንና መናገሻን እንዳለፋችሁ ሆለታ አለች፤ በ1927 ዓ.ም. ከስዊድን በመጡ መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ። ቀጥላ አዲስ ዓለም ትመጣለች። ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ እንጨት ሲመናመን ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አተረፋት፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው ጎዳና አገሪቱ ካየቻቸው የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ማንም የማይሄድበት ያልነው መንገድ ከሁሉም ቀድሞ የተሠራ ሆኖ አረፈው!

ከዚያ ጊንጪ። እዚህ ሾፌሩን «ወራጅ!» ማለት ያስፈልጋል። ከከተማዋ አለፍ ብሎ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የበዛበት የጭሊሞ ደን አለ። አዋሽም የሚነሣው ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታ ነው። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ «ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ የሚቀር ወንዝ» ብለን የሸመደድነው አዋሽ፣ ቆቃን ሞልቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ የሚያልቀው አዋሽ፣ ከዚህ ይጀምራል። መነሻውን አካባቢ ለማየት የከፈልነው የታክሲና የአውቶቡስ ሒሳብ ብቻ ነው።

አምቦ ስትደርሱ ጠርሙሱን እርሱት። በቀድሞው ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር፤ ከመሬት የሚወጣውን የማዕድን ውሃዋን አይታችሁ ስሙ ከየት እንደመጣ መገመት ነው። በእርግጥ ውሃውን የሚያሽገው ፋብሪካም በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተተከለ አንጋፋ ነው። እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው በዚህችው ከተማ አቅራቢያ፣ ቦዳ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳም የዚሁ የአምቦ ልጅ ነው፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገድሎ የተቀበረውም እዚሁ ነው። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ ከአንድ አፈር። አንዱን በፈተና ጥያቄ፣ ሌላውን በዜና ብቻ የምናውቅ እኛ ደግሞ ከ120 ኪሎ ሜትር ወዲህ ተቀምጠን ስለ አገር አንድነት እንከራከራለን።

አሁን ደግሞ ወደማይመቸው ነገር። የአልጋ ነገር! ስሙን የማንጠራው አንድ አልጋ ቤት ገብተን ሁለት ክፍል ብንጠይቅ «ከማን ጋር ናችሁ?» ተባልን። «ከራሳችን ጋር» አልን። ልጁ ከላይ እስከ ታች አየንና «ሙሉ ነው» አለ፤ ቁልፎቹ ግን ከጀርባው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ነገሩን ሰምተው «ኮታ፣ ኢጆሌ ኮ» አሉን፤ ኑ ልጆቼ ማለታቸው ነው። እጃችንን ይዘው የሚያውቋቸው ሴት ዘንድ ወሰዱን። ንጹሕ አልጋ፣ በር ላይ ደህና መቀርቀሪያ፣ ጠዋት ትኩስ ጨጨብሳ። «አዴ፣ ገለቶማ» ለማለት ምላሳችን ሲተሳሰር የሳቁት ሳቅ አሁንም ጆሯችን ላይ አለ። በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጓዝ ወንድ ጥያቄው «ስንት ነው?» ነው። ለሴት ልጅ ግን «ስንት ነው?» ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው «በሩ ይቆለፋል ወይ?» የሚለው ነው። የጉዞ መረጃ የሚያዘጋጁ ሁሉ ይህን ቢጽፉልን ከፏፏቴ ፎቶ ይልቅ ይጠቅመን ነበር።

በማግሥቱ ወንጪ። ወንጪ ያለችው ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው፤ ከወሊሶም ከአምቦም ይኬዳል፤ ከአምቦ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ መካከሉ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ ዙሪያው እንሰት። ከላይ ያለው ጠርዝ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ጃኬት ያልያዘ ይቅመሳት። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ከታቀፉት ሦስት ቦታዎችም አንዷ ናት፤ መንገድም ሎጅም ተሠርቶላታል።

ሎጁ ያምራል። ለእኛ ኪስ ግን አልተሠራም፤ ይህን ስንል አንወቅስም፣ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰውም አገሩን ይይ። ቅሬታችን ሌላ ነው። እኛ በሄድንበት ቀን ከአምቦ ወደ ወንጪ የሕዝብ መኪና ለማግኘት ግማሽ ቀን ቆመናል። መድረሻው ሲለማ መሄጃው ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ካልታሰበ የሚለማው ለማን ነው? ደግሞ ገንዘቡ የት እንደሚወድቅ ተመልከቱ። ፈረስ የሚያከራየው የመንደሩ ልጅ፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ ቆጮ የምታቀርበው እናት፣ የእኛን ጥቂት ብር የሚቀበሉት በእጃቸው ነው። በአነስተኛ ገንዘብ የሚጓዝ ሰው ጥቂት ያወጣል፤ ያወጣው ግን እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ እንግዳ ቁጥሩ ቢበዛ ለመንደሩ የአንድ ሀብታም ሳምንት ያህል አይጠቅምም ትላላችሁ?

እስካሁን አንድ ወጪ ሳንጠቅስ አልፈናል። ሰላም። አውቀን ነው ለመጨረሻ ያቆየነው፤ ምክንያቱም የዚህ መንገድ ዋነኛ ዋጋ እሱ ነው። ጊንጪ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ሁሉ የተዛመተው ተቃውሞ የተነሣባት ከተማ ናት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል ያለው ግጭት ምዕራብ ሸዋንም አልማራትም። መንገዱ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። «ኑ፣ ምንም የለም» ብለን አንዋሻችሁም። ከመነሣታችሁ በፊት በዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሾፌርም ተማሪም ጠይቁ። በቀን ተጓዙ። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ከተባላችሁ ይቅር። እኛም አንድ ጊዜ ሻንጣ ይዘን ከአስኮ ተመልሰናል።

የእኛ መመለስ ግን ቀላል ነው። ከአስኮ ታክሲ ይዘን ቤታችን ገባን፤ አለቀ። እነዚያ ቡና የሚያፈሉት እናት ወዴት ይመለሳሉ? ወላጆቹን ሊጠይቅ የወጣው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪስ? ለእኛ የተሰረዘ ቅዳሜና እሑድ ለእነሱ የተሰረዘ ኑሮ ነው። ሄደን ባናያቸው ኖሮ ደግሞ ይህ ነገር ለእኛ በቴሌቪዥን ግርጌ የሚያልፍ አንድ መስመር ዜና ሆኖ ይቀር ነበር። አሁን «ምዕራብ ሸዋ» የሚል ዜና ስንሰማ ድምፁን ከፍ እናደርጋለን፤ ስልክ እንደውላለን፤ «አዴ፣ ደህና ናችሁ?» እንላለን። ከጉዞው ያተረፍነው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ በየትኛውም ሪዞርት አይሸጥም።

አንድ ነገር እንጨምርና እንብቃ። ያ ሌት ተቀን የምንመኘው ዛንዚባር አለ አይደል? በመንግሥትና በታጣቂው ቡድን መካከል የመጀመሪያው ዙር የሰላም ንግግር በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው እዚያው ነበር። ሁለተኛው ዙር በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዳሬ ሰላም ሆነ። ሁለቱም ያለ ስምምነት ተበተኑ። እኛ ስልካችን ላይ የአሸዋውን ፎቶ ስናገላብጥ፣ በዚያው ደሴት ላይ የአምቦ መንገድ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያን ሰሞን ከመካከላችን ማንም ልብ አላለውም፤ ምክንያቱም አምቦ ለእኛ ገና ጠርሙስ ነበረች።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። ለሚያለሙት፦ ከመድረሻው እኩል ለአውቶቡሱም አስቡ፤ ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ፤ በር የሚቆለፍበት ርካሽ አልጋ ይኑር። ጠመንጃ ለያዙት ሁሉ፦ መንገዱን ልቀቁልን፤ ከእኛ በፊት ደግሞ ለባለቤቶቹ። ለእኛ ለራሳችን፦ «ብር ሲኖረን» የምትለዋን እንቅበራት። የታክሲ ብር፣ ጃኬት፣ «አካም ጅርቱ» የምትል ሰላምታ እና መንገዱ ደህና መሆኑን የሚነግረን አንድ ሰው ካለን ይበቃናል።

መንገዱ ደህና በሆነበት ቅዳሜ አስኮ እንገናኝ። ቸር ይግጠመን!