የደን ሽፋን አኃዝ እንዴት ይነበባል? ከዓለም አቀፉ ግምገማ እስከ ብቸናና ሞጣ

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ባወጣው የዓለም የደን ሀብት ግምገማ፣ የዓለም የደን ስፋት 4.14 ቢሊዮን ሄክታር ወይም ከየብሱ 32 በመቶ መሆኑን ገልጿል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ 10.9 ሚሊዮን ሄክታር ደን ተመንጥሯል። ግምገማው እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በየአምስት ዓመቱ ይቀርባል። በዋናነት የሚመሠረተውም ሀገራት በወከሏቸው ባለሙያዎች በኩል በሚልኩት መረጃ ላይ ነው። ስለዚህ የዓለም አኃዝ መነሻው በየሀገሩ የሚሰበሰበው መረጃ ነው።

አኃዙ ለምን ይለያያል?

በፋኦ የ2010 ግምገማ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ደን 12.3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ተብሎ ተመዝግቧል። በ2020ው ግምገማ ግን 17.1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ሁለቱን ብቻ አስተያይቶ ደኑ በአሥር ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር ጨመረ ማለት ስህተት ነው። የ2020ው ሪፖርት ራሱ፣ ያለፉትን ዓመታት በአንድ ዓይነት መለኪያ ሲያሰላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ሀገሪቱ በዓመት 73 ሺህ ሄክታር ያህል ደን እንዳጣች ያሳያል። የተለወጠው ካርታውና የአቆጣጠሩ ዘዴ ነው።

ትርጓሜውም የራሱ ድርሻ አለው። በፋኦ ትርጓሜ ደን የሚባለው ከ0.5 ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ወይም እዚያ መድረስ የሚችሉ ዛፎችና ከ10 በመቶ በላይ የቅጠል ሽፋን ያለው መሬት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቀበለችው ትርጓሜ ደግሞ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ሽፋኑ 20 በመቶ ሲሆን፣ የቆላ ዛፎችና ቀርከሃም ተካተዋል።

በብቸናና በሞጣ አካባቢ

ከጮቄ ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ እስከ ዓባይ ሸለቆ ባለው በዚህ ምድር፣ ጽድና ወይራን የመሰለው ነባር ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ነው። በየጓሮውና በየማሳው ድንበር የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ግማሽ ሄክታር በአካባቢው ልማድ ሁለት ጥማድ ያህል በመሆኑ፣ ከዚያ ያነሰ የቤተሰብ ተክል በደንነት አይቆጠርም። በማሳ ዳር በመስመር የተተከለውም ከ20 ሜትር በላይ ወርድ ከሌለው አይገባም። በእርሻ መካከል የቆመች ዋንዛም እንዲሁ ከቁጥሩ ውጪ ናት።

ከዚህ የሚበልጠው ስጋት ግን ሌላ ነው። ከአንድ ደብር ነባር ደን ጥቂት ሄክታር ታርሶ፣ በሌላ ቦታ ያንኑ ያህል ባሕር ዛፍ ቢተከል፣ ጠቅላላው የደን ስፋት አይቀንስም። የጠፋው አገር በቀል ዘር፣ የወፉና የንቡ መኖሪያ፣ ምንጩን የሚጠብቀው ጥላ ግን በድምሩ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ በግምገማው በራሱ የበቀለ ደንና በሰው የተተከለ ደን ተለይተው የሚቀርቡ በመሆኑ፣ ሁለቱን ለየብቻ ማንበብ ይገባል።

ለተገልጋዮች

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ ለአራት ዓይነት ባለይዞታነት እውቅና ሰጥቷል። ይህ እውቅና ጠቃሚ የሚሆነው ወሰኑ ሲታወቅ ነው። በመሆኑም ባለይዞታዎች፣ የደብር አስተዳዳሪዎችና የማኅበረሰብ ደን ተጠቃሚዎች፦

• የደኑ ወሰን በግልጽ መለየቱንና መመዝገቡን በቀበሌና በወረዳ የግብርናና የመሬት ጽሕፈት ቤቶች እንዲያረጋግጡ፤
• ነባሩን ደንና አዲሱን ተክል ለይተው እንዲያስመዘግቡ፤
• ችግኝ ሲተክሉ፣ በዓመቱ የጸደቀውን ቆጥረው እንዲያሳውቁ ይመከራል።

የተተከለ ችግኝ ብዛት የደን ስፋት አይደለም፤ የሚቆጠረው የጸደቀው ነው። ወሰኑ ያልታወቀ ነባር ደን ደግሞ ቢጠፋ፣ መጥፋቱን የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም።