ስህተቱ የፊደሉ አይደለም



ባለፈው ቅዳሜ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ አባት በር ላይ አገኙኝና «መምህርት፣ ልጁ የአማርኛውን ዝርዝር በላቲን ፊደል ቢጽፈው ችግር አለው?» አሉኝ። ልጁ በመደበኛ ትምህርት ቤቱ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማረ ነው። እኛ የሰጠነውን የሰላምታ ዝርዝር ከነእንግሊዝኛ ፍቺው ፋይል ውስጥ አስገባና፣ መስመር በመስመር እያነበበ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም ሠራ። እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ አነበበለት። አማርኛው ላይ ሲደርስ ግን መስመሩ ለሁለት ተከፈለ፤ መሀሉ ላይም የጥያቄ ምልክት ተደነቀረ። ልጁም «አማርኛ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» ብሎ ደመደመ።

«እባክዎ አይቀይረው» አልኳቸውና ከልጁ ጋር ላፕቶፑን ከፍተን ኮዱን አየነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲ ፋይልን በመስመር ለማንበብ ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ኤፍጌትስ የሚባለውን ትእዛዝ ነው። ኤፍጌትስ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ያነበበውን የት ያስቀምጥ? ማስቀመጫው ስንት ባይት ይይዛል? የሚያነበውስ ከየትኛው ፋይል ነው? የመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ማስቀመጫው ከሞላበት ግን መስመሩ ባያልቅም ያቆምና የቀረውን በሚቀጥለው ዙር ያነበዋል። ልጁ የሰጠው ማስቀመጫ 16 ባይት ነበር። አንዱ ባይት ለማብቂያ ምልክት ስለሚያዝ ለጽሑፉ የሚቀረው 15 ነው።

እስቲ እንቁጠር። «ሄሎ ኤቭሪዋን» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከነክፍተቱ 14 ባይት ነው፤ የመስመሩ ማብቂያ ሲጨመር 15። ልክ ልኩን ገባ። «ሰላም ለሁሉም» ደግሞ ለዓይን 7 ፊደልና አንድ ክፍተት ብቻ ነው። ነገር ግን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 7 ጊዜ 3፣ 21፤ ከነክፍተቱ 22። ስለዚህ ኤፍጌትስ «ሰላም ለ» ብሎ 13 ባይት ካነበበ በኋላ ከ«ሁ» ሁለት ባይት ብቻ ወስዶ ሞላበት። ሦስተኛው ባይት ለሚቀጥለው ዙር ቀረ። ፕሮግራሙ ደግሞ አዲስ መስመር የጀመረ መስሎት መሀል ላይ ቁጥር ጨመረበት። ያ የጥያቄ ምልክት እንግዲህ ለሁለት የተቆረጠችው «ሁ» ናት።

ማስቀመጫውን ወደ 256 አሰፋነው። ማስፋት ብቻ ግን አይበቃም፤ ረጅም መስመር ሲመጣ ያው ችግር ይመለሳል። ስለዚህ ልጁ አንድ ፍተሻ ጨመረ፦ የተነበበው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የመስመር ማብቂያ ከሌለና ፋይሉም ካላለቀ፣ ቁጥር ሳይሰጥ ቀጣዩን አንብቦ ይቀጥልበታል። ከዚያ በኋላ «ሰላም ለሁሉም» ሙሉውን ወጣ። የልጁን ፊት ብታዩት!

ይህን የምነግራችሁ ሁላችሁም ሲ እንድትማሩ አይደለም። ልጆቻችን እዚህ ሲያድጉ፣ አንድ ነገር እንቢ ባለ ቁጥር ጥፋቱን ቶሎ አማርኛው ላይ ይጥላሉ። እኛም ለመገላገል ብለን «በላቲን ጻፈው» እንላለን። ፊደላችን ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተማሪዎቻችን ገና ሳይወለዱ ማለት ነው። በላቲን ስንጽፍ ደግሞ የሚጠፋ ነገር አለ። «አባቴ መጣ» እና «አባቴ መታ» ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ። «ጠ»ን ከ«ተ» ለመለየት ስንት ቅዳሜ እንደለፋን እናንተም ታውቃላችሁ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ለወላጆች ነው። ኮድ የሚጽፍ ልጅ ካላችሁ፣ በሲ የ«ሰላም»ን ርዝመት አስቆጥሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። 9 ሲላችሁ «እኔ እኮ የማየው ሦስት ፊደል ነው፤ ዘጠኙ ከየት መጣ?» በሉት። ኮድ አለማወቃችሁ ምንም አይደለም፤ እሱ ያስረዳችሁ። ማስረዳቱን ግን በአማርኛ ያድርገው።

መልካም ሳምንት።