የጎንደር ጥላና የኮምፒዩተር ጥላ

አንባቢ ሆይ፤ በኮምፒዩተር አንዱን ቀለም ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ማሸጋገር አዲስ ብልሃት ይመስልሃልን? ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ ሞግዚት በነበሩበት ዘመን፣ የጎንደር ሠዓሊዎች የሥዕሉን መደብ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ያሸጋግሩት ነበር። ፊትንም በጥላ አጐሉት፤ የቀደመው ሥዕል ግን ጥላ እምብዛም አያውቅም። ቁስቋም በ1880 ዓ.ም. በደርቡሽ ስለ ተቃጠለ፣ ይህን ለማየት ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ መሻገር ይበጃል፤ እቴጌይቱም ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

የዛሬ ተማሪ ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳይወስን ለፊደሉ ሁሉ ጥላ ያድላል፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ! ማስታወቂያውን ማን ያንብበው? ጥላው በአንድ ወገን ብቻ ይውደቅ፤ ፈዘዝ ይበል፤ ጠርዙም ይሳሳ። ለደቃቅ ፊደል ጨርሶ ይቅርበት።