ርካሹ ካሜራ አልዋሸም፤ የዋሸው ማስታወቂያው ነው

በትንሽ ገንዘብ በሚሠሩ፣ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ካሜራ በሚቀረጹና ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን በሚተርኩ አስፈሪ ፊልሞች ላይ አንድ የተለመደ ክስ አለ። «ውሸትን እውነት አስመስለው ሕዝብ የሚያደናግሩ የድሃ ፊልሞች ናቸው» ይባላል። ክሱ ባዶ አይደለም፤ በእርግጥም የዋሸ አለ። የተከሰሰው ግን የዋሸው አይደለም።

የእነዚህ ፊልሞች ዘይቤ «ፋውንድ ፉቴጅ» ይባላል፤ የተገኘ ቀረጻ እንደማለት ነው። ባለታሪኮቹ ጠፍተዋል ወይም ሞተዋል፤ የተረፈው ካሜራቸው ብቻ ነው፤ ተመልካቹ የሚያየው ካሴቱን ነው። ሙዚቃ የለም፣ የታወቀ ተዋናይ የለም፣ የሚያምር ብርሃን የለም። ለዚህም ነው ርካሽ የሚሆነው። ለዚህም ነው የፊልም ተቺ ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው።

እስቲ ከርካሾቹ ሁሉ ርካሽ ከሆነው እንጀምር። በ1989 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዲን አሊዮቶ የተባለ አሜሪካዊ ዳይሬክተር በ6,500 ዶላር «ዩፎ አብዳክሽን» የተሰኘ ፊልም ሠራ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ የትንሿን ልጅ አምስተኛ ዓመት ልደት ለማክበር ተሰብስቧል። ከወንድማማቾቹ አንዱ የቪዲዮ ካሜራ ይዞ የሆነውንም ያልሆነውንም ይቀርጻል። ድንገት መብራት ይጠፋል። ወንዶቹ ምን እንደሆነ ለማየት ወጥተው በጨለማው ውስጥ አንድ የማያውቁት ነገር አርፎ ያገኙታል፤ በዙሪያውም ትንንሽ ፍጡራን ይንቀሳቀሳሉ። ሮጠው ቤት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በር መዝጋት፣ መጨቃጨቅ፣ ጆሮ አቁሞ ማዳመጥ ነው።

ገንዘብ ስላልነበረ የጠፈር መርከቡ በቅርብ አይታይም። ጭምብሉ ጭምብል መሆኑን የቪዲዮው ድብዝዝነት ይሸፍነዋል። ተዋንያኑ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ ያወራሉ፤ ተመልካቹም ያምናቸዋል፤ በፍርሃት ሰዓት ተራ ጠብቆ የሚናገር ቤተሰብ የለምና። ድህነቱ ራሱ መሣሪያ ሆነ። ሰውን ይበልጥ የሚያስፈራው ከበሩ ኋላ ያለውና ያላየው ነገር ነው። መቶ ሚሊዮን ዶላር ያለው ስቱዲዮ ግን በሩን ከፍቶ ጭራቁን ከማሳየት አይመለስም፤ ከፍሎበታልና።

ይህ ፊልም ውሸት ነበር? ልቦለድ ነበር። መጨረሻው ላይ የሠሪዎቹና የተዋንያኑ ስም ተጽፏል። የስም ዝርዝር ማለት ለተመልካቹ የተተወ በር ነው፤ «እስካሁን አስፈራንህ፤ አሁን ወደ ቤትህ ግባ፤ ይኸው የሠራነው እኛ ነን» ይለዋል።

በሩን የዘጋው ሌላ ሰው ነው። የአከፋፋዩ መጋዘን ተቃጠለና ዋናው ቅጂ ጠፋ። የተረፉት ጥቂት ካሴቶች ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ሲዞሩ ስም ዝርዝሩ ተቆርጦ የወጣለት አንድ ቅጂ በዩፎ አማኞች እጅ ገባ። ስም የሌለው ልቦለድ «ማስረጃ» ሆነ። በ1990ዎቹ በአማኞቹ ጉባኤ ላይ እንደ እውነተኛ ቀረጻ እስከመታየት ደረሰ። አሊዮቶ ራሱ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «የሠራሁት እኔ ነኝ» ቢልም አላምንህም ያሉት ነበሩ። ዛሬ ፊልሙ የሚታወቀው «ዘ ማክፈርሰን ቴፕ» በሚል ስም ነው፤ ማክፈርሰን ግን ዳይሬክተሩ በ1998 ለቴሌቪዥን ደግሞ በሠራው ቅጂ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ስም እንጂ የመጀመሪያው ፊልም ቤተሰብ ስም አይደለም። ካሴቱ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም አጣ።

ለዚህ ሁሉ የሚፈለገው መቀስ ብቻ ነበር። ካሜራው ምንም አላጠፋም።

አሁን ከመጋዘኑ ካሴት ወደ ትልቁ ስቱዲዮ እንሂድ። በኅዳር 2009 ዩኒቨርሳል «ዘ ፎርዝ ካይንድ» የተሰኘ ፊልም አወጣ። በጀቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋና ተዋናይዋ ሚላ ጆቮቪች ፊልሙ ሲጀምር ወደ ካሜራው ቀርባ ተዋናይት መሆኗን፣ የምትጫወተው ግን የእውነተኛ ሴት ታሪክ እንደሆነ ትናገራለች። ሴትየዋ በአላስካ ኖም ከተማ የምትሠራ የሥነ ልቦና ሐኪም ናት፤ ታካሚዎቿን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ይወስዷቸዋል። ከዚያ የጆቮቪች ትዕይንት በስክሪኑ አንድ ወገን፣ «ትክክለኛው የሐኪሟ ቀረጻ» የተባለው ደብዛዛ ቪዲዮ በሌላው ወገን እየሆነ ጎን ለጎን ይታያል። ደብዛዛው ቪዲዮ ላይ ያለችውም ሴት ግን ተዋናይት ነች። እንዲህ ያለች ሐኪም በኖም አልነበረችም።

ልብ በሉ፦ ስቱዲዮው ድብዝዙን ምስል የተጠቀመው አቅም አጥሮት አይደለም። ሀብታም ለልመና ሲወጣ ቡትቶ እንደሚለብስ የድሃውን መልክ ተዋሰ፤ ድሃው በመልኩ ያገኘውን እምነት ሊሸምትበት።

እስከዚህ ድረስ እንኳ «ይሁን፣ ፊልም ነው» ሊባል ይችላል። ይቅር የማይባለው ከስክሪኑ ውጭ የተደረገው ነው። ፊልሙን ለማስተዋወቅ በእውነተኛ የአላስካ ጋዜጦች ስም ያልተጻፉ ዜናዎች ተፈብርከው ኢንተርኔት ላይ ተለጠፉ። ላልኖረ ሰው የሞት ዜና ሳይቀር ተጻፈ። ጋዜጦቹ ተቆጡ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ ስቱዲዮው የሐሰት ጽሑፎቹን ለማንሳትና ለአላስካ ፕሬስ ክለብ 20,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ47 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ለጋዜጠኞቹ የተከፈለው ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ገቢ 50 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በዚያ 20,000 ዶላር አሊዮቶ ፊልሙን ሦስት ጊዜ ይሠራው ነበር።

ይሁንና የጋዜጦቹ ስም መደፈር ከሁሉ የከፋው አይደለም። ኖም በቤሪንግ ባሕር ዳርቻ ያለች፣ ከአንኮሬጅ በመኪና መንገድ የማትገናኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከ20 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከአካባቢው መንደሮች ወደ ከተማዋ የመጡ ነባር ሕዝቦች፣ እዚያ ጠፍተዋል ወይም ባልተብራራ ሁኔታ ሞተው ተገኝተዋል። ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት መልስ ጠየቁ። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ በ2000ዎቹ አጋማሽ መዝገቦቹን መርምሮ የብዙዎቹ የጋራ ምክንያት የመጠጥ ብዛትና የክረምቱ ብርድ እንደሆነ ገለጸ። የአንዳንዶቹ አስከሬን እስከዚያ ድረስ አልተገኘም ነበር።

ስቱዲዮው ይህን ሐዘን አንሥቶ የኤሊያን ፊልም ማስታወቂያ አደረገው። ልጁ በበረዶ ውስጥ የቀረበት አባት መልስ ሲጠብቅ፣ ሆሊውድ «ፍጡራን ወስደውታል» የሚል መልስ ሸጠለት። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ድርጅት ካዌራክ ፊልሙ ለሟች ቤተሰቦች ስሜት ደንታ የሌለው ነው ሲል ተቸ። የሚያሳዝነው ደግሞ ፊልሙ ከተማዋን እንኳ አያውቃትም። የተቀረጸው በቡልጋሪያና በካናዳ ነው፤ በፊልሙ ኖም በደን በተሸፈኑ ተራሮች ተከባ ትታያለች። እውነተኛዋ ኖም ዛፍ የማይበቅልባት ናት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይጠራል፤ ግን እስኪጠራ ድረስ ትኬቱ ተሸጦ አልቋል።

ለዚህ አሠራር ጠበቃ አይጠፋለትም። «ጨዋታ ነው፤ ተመልካቹ መታለል ስለሚፈልግ ነው ገንዘብ የሚከፍለው» ይላሉ። ለትኬት ገዢው እውነት ሊሆን ይችላል። የኖም ቤተሰቦች ግን ትኬት አልቆረጡም። ጨዋታ የሚባለው ሁለቱም ወገን መጫወቱን ሲያውቅ ነው፤ አንዱ ሳያውቅ የሚደረግ ማጭበርበር ነው።

የራሳቸው የተዋንያኑም ዕዳ አለ። በ1999 «ብሌየር ዊች ፕሮጀክት» ሲወጣ ሦስቱ ወጣት ተዋንያን በእውነተኛ ስማቸው ተጫውተው ነበር። ማስታወቂያው «ጠፍተዋል» ስላለ እንደጠፉ ሰዎች ተደብቀው መቆየት ነበረባቸው፤ ለአንዷ ተዋናይት እናት የሐዘን ካርድ ይላክ ነበር። ፊልሙ ሩብ ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ካሜራውን ይዘው በጫካ ውስጥ ፊልሙን በእጃቸው የቀረጹት እነዚሁ ሦስቱ ነበሩ። በ2024 ተገቢ ክፍያ ይሰጠን ብለው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ከ25 ዓመት በኋላ! ሰውን «ሞቷል» ብሎ መሸጥ ድርሻውን ላለመስጠትም ይመቻል።

ሌላው መከራከሪያ «እውነት ነው ካልተባለ አያስፈራም» የሚለው ነው። ይህን ለማፍረስ አንድ ፊልም ይበቃል። የኪቶ ተወላጁ ሴባስቲያን ኮርዴሮ በ2013 «ዩሮፓ ሪፖርት» የተባለውን ፊልም ሠራ። ስድስት ጠፈርተኞች የጁፒተር ጨረቃ ወደሆነችው ዩሮፓ ይጓዛሉ፤ ታሪኩ የሚታየው በመርከቧ ውስጥ በተተከሉ ካሜራዎች ነው። ሰው ዩሮፓ ላይ እንዳልደረሰ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ማንም አልተታለለም፤ ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም። መጨረሻ ላይ የቀረችው ጠፈርተኛ እንደምትሞት እያወቀች በሩን ትከፍታለች፤ ከበረዶው ሥር ያለው ፍጡር ካሜራው ፊት እንዲወጣና ምስሉ ምድር እንዲደርስ። የዚህ ዘይቤ ክብሩ እዚህ ላይ ነው። ባለታሪኳ የምትሞተው እውነተኛ ምስል ለማስተላለፍ ነው። ይህን ዘይቤ ሐሰተኛ ምስል ለመሸጥ ማዋል ዘይቤውን ራሱን መክዳት ነው።

የኪቶ ስም ከተነሣ፣ ያች ከተማ የዚህን ውሸት ዋጋ ቀድማ ታውቃለች። በየካቲት 1949 ራዲዮ ኪቶ «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን ልቦለድ እንደ ቀጥታ ዜና አስመስሎ አሰራጨ። ሕዝቡ የማርስ ሰዎች መጡ ብሎ ተሸበረ፤ እንደተታለለ ሲያውቅ ደግሞ ተቆጥቶ ጣቢያው ያለበትን ሕንፃ አቃጠለ። ቢያንስ ስድስት ሰዎች ሞቱ። የዜናን ድምፅ ተውሶ ልቦለድ መናገር ቀልድ የማይሆንበት ሰዓት አለ።

ይህ ነገር የፊልም ወዳጆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል። በ2022 መጨረሻ ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ የተባለው የቼክ ኩባንያ መግለጫ አወጣ። «አርማ 3» ከተባለው የኮምፒውተር ጨዋታው የተወሰዱ ቪዲዮዎች የዩክሬን ጦርነት ቀረጻ እየተባሉ ተሰራጭተው ነበር። ኩባንያው ሐሰቱ የሚለይባቸውን ምልክቶች ዘረዘረ፦ ጥራቱ በጣም ዝቅ ያለ ምስል፣ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ ጨለማ፣ ድምፅ አልባነት። የተገኘ ቀረጻ ፊልሞችን የሚያውቅ ሰው አብዛኞቹን በአንድ እይታ ይለያቸዋል። አሊዮቶ የላስቲክ ጭምብል ለመሸፈን የተጠቀመበት ጨለማ፣ ሌላው ጦርነት ለመፈብረክ ይጠቀምበታል።

እንግዲህ እነዚህ የተናቁ ፊልሞች ሕዝብን ያደናግራሉ ወይስ ያስተምራሉ? በሐቀኝነት ከተሠሩ ያስተምራሉ። ደብዛዛ ምስል እንዴት እንደሚያሳምን፣ የሚጮህ ድምፅ እንዴት ማመዛዘንን እንደሚነጥቅ፣ ካሜራው የማያሳየው ነገር እንዴት በምናብ እንደሚሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ አድርገው ያሳያሉ። በየቀኑ በስልኩ «አሁን የደረሰን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ ቀን፣ ቦታና ቀራጭ የሌለው ቪዲዮ ለሚደርሰው የቴሌግራም አንባቢ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ስለዚህ ፍርዱ ወደ ትክክለኛው ተከሳሽ ይዙር። ልቦለድ በስክሪኑ ውስጥ እንደልቡ ይፍጠር፤ ሥራው ነው። ከስክሪኑ ወጥቶ የጋዜጣ ስም ሲሰርቅ፣ የሞት ዜና ሲፈበርክ፣ የእውነተኛ ሟቾችን ሐዘን ለማስታወቂያ ሲያውል ግን ልቦለድነቱ ያበቃል፤ ስሙ ማጭበርበር ነው። ቅጣቱም ከፊልሙ ገቢ ጋር የሚመዛዘን መሆን አለበት፤ ከእያንዳንዱ ሺህ ዶላር 50 ሳንቲም የማይሞላ ቅጣት የንግድ ወጪ ነው እንጂ ቅጣት አይባልም።

ተመልካቹም ቪዲዮ ሲደርሰው አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ቪዲዮ እውነት ይመስላል ወይ ብሎ አይደለም፤ መምሰል ርካሽ ነው፣ ከ1989 ጀምሮ ዋጋው 6,500 ዶላር ነበር፤ ዛሬማ ከዚያም ወርዷል። መጠየቅ ያለበት የሠሪው ስም የት ነው ብሎ ነው። ስሙ ካልተጻፈ ረስተውት ነው ወይስ የቆረጠው ሰው አለ?