ኮምቡቻ በስምጥ ሸለቆ፦ ከጠርሙሱ በፊት ውሃውን እንጠይቅ

በዛሬው ዝግጅታችን ከሻይና ከስኳር ተብላልቶ በቤት ውስጥ ስለሚዘጋጀው ኮምቡቻ ስለተባለ መጠጥ እንነጋገራለን። በሥራ ቦታዬ በአዳማ ስለዚህ መጠጥ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል። አንደኛው ከታካሚዎች ነው፤ «ዶክተር፣ ለስኳርና ለጨጓራ መድኃኒት ነው ብለውኛል፤ ልጠጣው?» ይላሉ። ሁለተኛው ሥራ ፈጥረው ራሳቸውን ለመቻል ከሚያስቡ ወጣቶች ነው፤ «መነሻ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሠርቼ ብሸጠው ሰው ይጎዳል ወይ?» ይላሉ።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በመቂና በባቱ ለሚኖር ሰው ግን መልሱ በሌላ አካባቢ ለሚኖር ሰው ከሚሰጠው መልስ ይለያል። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ የምንጠጣው ውሃና የምንኖርበት ሙቀት።

ኮምቡቻ ምንድን ነው?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሻይ ይፈላል፤ ስኳር ይጨመርበታል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቀደም ሲል ከተብላላ ኮምቡቻ ጥቂት ይቀላቀልበትና በላዩ ላይ ወፈር ያለ ለስላሳ ሽፋን ይደረግበታል። ይህን ሽፋን በአንዳንድ አገሮች «የሻይ እንጉዳይ» ይሉታል፤ ነገር ግን እንጉዳይ አይደለም። እርሾና ባክቴሪያ በአንድነት የሚኖሩበት ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጣል፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ አሲድ ይቀይሩታል። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጎምዘዝ ያለ፣ አረፋ ያለው መጠጥ ይሆናል።

ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢሆንም ጥበቡ እንግዳ አይደለም። የእንጀራ እርሾ ከጎረቤት ተበድሮ ያቦካ ቤተሰብ፣ ጠላ ወይም ፋርሶ ስትጠምቅ እናቱን ያየ ልጅ መብላላት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጠላ እንደሚያሰክር ስለምናውቅ ግን ማን እንደሚጠጣው፣ ማን እንደማይጠጣው እንለያለን። ኮምቡቻ የሚመጣው «የጤና መጠጥ» ተብሎ በመሆኑ ይህን ጥንቃቄ እንዘነጋለን።

በእርግጥ ያድናል ወይ?

ስለ ኮምቡቻ ከሚነገረው ውስጥ አብዛኛው በሰዎች ላይ በበቂ ሁኔታ አልተፈተነም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት በብዙ ቦታ ይጠቀሳል። ጥናቱ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቀን 240 ሚሊ ሊትር ኮምቡቻ ለአራት ሳምንት ሲጠጡ በባዶ ሆድ የሚለካው የደም ስኳራቸው በአማካይ ከ164 ወደ 116 መውረዱን ዘግቧል። ዜናው ደስ ይላል። ነገር ግን የተሳተፉት 12 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የጠጡትም በፋብሪካ የተዘጋጀ ምርት እንጂ ጎረቤት በማሰሮ ያብላላው አይደለም። አጥኚዎቹም ሥራቸውን ለትልቅ ጥናት መንደርደሪያ አድርገው ነው ያቀረቡት። በዚህ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሜትፎርሚን ኪኒን ወይም የኢንሱሊን መርፌ ማቋረጥ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ለአደጋ መዳረግ ነው።

ስኳሩንም አንርሳ። ለአንድ ሊትር ኮምቡቻ ከ50 እስከ 100 ግራም ስኳር ይገባል። ሲብላላ የተወሰነው ያልቃል፤ ሁሉም ግን አያልቅም። በአንድ ሊትር 40 ግራም ቀርቷል ብንል ግማሽ ሊትር የጠጣ ሰው አምስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ወሰደ ማለት ነው። ይህ ከለስላሳ መጠጥ ያነሰ ቢሆንም ከውሃ ግን በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ለስላሳ መጠጥ አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው በመጠኑ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ጨጓራውን ለሚያመው ሰው ደግሞ ይህን ያህል ጎምዛዛ መጠጥ ቃጠሎውን ሊያብሰው ይችላል።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ጉዳይ

የአካባቢያችን ሰው በጥርሱ ይታወቃል ይባላል። የበለዘው ጥርስ የንጽሕና ጉድለት ሳይሆን የፍሎራይድ አሻራ ነው። ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ዓለት የበዛበት በመሆኑ በዓለቱ ውስጥ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖረው ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ መጠን ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ።

ጉዳቱን ከሁሉ በላይ ያሳየችን ወንጂ ናት። የስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ በሠራተኞች ሰፈር ለመጠጥ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከፍተኛ ፍሎራይድ ነበራቸው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ያንን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አንገታቸውን ማዞር፣ ወገባቸውን ማጠፍ አቃታቸው፤ አንዳንዶቹም በአከርካሪ አጥንታቸው መጠጠር ምክንያት ነርቫቸው ተጨቁኖ መራመድ ተሳናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስምጥ ሸለቆ ያካሄዷቸው ጥናቶች ይህን ችግር ለዓለም ካሳወቁት መካከል ናቸው።

ታዲያ ይህ ከኮምቡቻ ጋር ምን አገናኘው? የሻይ ተክል ፍሎራይድን ከአፈር ስቦ በቅጠሉ ያከማቻል፤ ያረጀ ቅጠል ደግሞ ከለጋው የበለጠ ይይዛል። አንድ ሊትር ሻይ እንደ ቅጠሉ ዓይነት፣ እንደ ብዛቱና እንደ ቆይታው ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል። እንበልና በአንድ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ባለው የጉድጓድ ውሃ ኮምቡቻ ተሠራ፤ ሻይው 1 ቢጨምርበት 4 ይሆናል። መብላላቱ ፍሎራይዱን አያጠፋውም። ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። የውሃ አጋርም ሆነ የተለመደው የሸክላ ማጣሪያ ጀርምን እንጂ ፍሎራይድን አያስወግዱም።

ይህ ሁሉ ሰው ተጎጂ ነው ማለት አይደለም። የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውሃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑ ከጉድጓድ ውሃ ይለያል። የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የየትኛው ውሃ?» የሚል ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ልጆች ናቸው። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚገባ ትርፍ ፍሎራይድ የሚያበልዘው ጥርስ ተመልሶ አይነጣም። ለልጅ ኮምቡቻ አይስጡ።

ሙቀት፣ አልኮልና ዕቃ

ሙቀት መብላላትን ያፋጥናል። በአዲስ አበባ አሥር ቀን የሚፈጀው በመተሐራ ሙቀት ቶሎ ይደርሳል። ገና ስኳር ያለው መጠጥ በጠርሙስ ታሽጎ ማቀዝቀዣ በሌለው ሱቅ ሲደረደር እርሾው ሥራውን ይቀጥላል፤ ጋዙ በዝቶ ጠርሙስ ሊፈነዳ፣ አልኮሉም ከፍ ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የኮምቡቻ ምርቶች ከመደብሮች የተነሡት አልኮላቸው አልኮል አልባ ለሚባል መጠጥ ከተፈቀደው 0.5 በመቶ አልፎ ሊሆን ይችላል በሚል ስጋት ነበር። በቤት የተሠራው ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። ሃይማኖቱ አልኮል የሚከለክለው፣ መጠጥ ለማቆም የሚታገል፣ የምትጠጣው ነገር ለፅንሷ የሚያሳስባት ሰው ይህን የማወቅ መብት አለው። አገራችንም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከልክላለች።

ዕቃውም ይታሰብበት። አሲድ የሚነካውን ያሟሟል። በአውስትራሊያ አንድ ባልና ሚስት ለወራት በቅብ ሸክላ ዕቃ ያብላሉትን ኮምቡቻ ሲጠጡ ቆይተው በእርሳስ ተመርዘዋል። የሸክላ ቅብ፣ የናስ ድስት፣ ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ይበቃል።

ማን መጠጣት የለበትም?

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል፣ የሰውነት መከላከያ አቅሙ የተዳከመ ሰው ሕያው ጀርም ያለበትን የቤት ኮምቡቻ ባይነኩ ይመረጣል። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰውም በመጠጡ ውስጥ ባለው አልኮል ምክንያት ሕክምናውን እስኪጨርስ ይታገሥ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ኮምቡቻ በየቀኑ ይጠጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች ደማቸው በአሲድ ተጥለቅልቆ ሆስፒታል ገብተው አንዷ ሕይወቷ አልፏል። መጠጡ መንስኤ ስለመሆኑ በእርግጠኝነት አልተረጋገጠም። የአገሪቱ የጤና ተቋም ግን በወቅቱ ለጤነኛ ሰው በቀን 120 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከቡና ስኒ ከፍ ያለች መጠን፣ ጉዳት ላያደርስ እንደሚችል ገልጿል። ለመቅመስ የሚፈልግ ጤነኛ አዋቂ ከዚህ ባያልፍ ይሻለዋል።

ሠርታችሁ መሸጥ ለምታስቡ

ሥራ መፍጠራችሁ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ደንበኛችሁ ነገ ተመልሶ እንዲመጣ የሚከተሉትን አስቡ፦

አንደኛ፣ ስኳርና ሻይ ከመግዛታችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን ውሃ ፍሎራይድ አስለኩ። ለከተማችሁ የውሃ አገልግሎት ጥያቄ አቅርቡ።

ሁለተኛ፣ የአሲድ መጠን መለኪያ ይኑራችሁ። የተብላላው መጠጥ ፒኤች ከ4.2 በታች ካልወረደ ጎጂ ጀርም ሊያድግበት ይችላል፤ ከ2.5 በታች ከወረደ ደግሞ እጅግ ኮምጥጧል። በላዩ ላይ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ጸጉር መሳይ ሻጋታ ካያችሁ ሽፋኑን ገፍፋችሁ አትሽጡ፤ ሁሉንም ድፉት።

ሦስተኛ፣ ከታሸገ በኋላ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ የምታደርጉትን አስቀድማችሁ ወስኑ።

አራተኛ፣ በጠርሙሱ ላይ የተሠራበትን ቀን፣ የገባበትን ነገርና «ጥቂት አልኮል ሊኖረው ይችላል» የሚለውን ጻፉ። «ስኳር ያድናል፣ ካንሰር ያጠፋል» ብላችሁ ግን አትጻፉ። ያልተረጋገጠ የፈውስ ቃል ሰውን ከመድኃኒቱ ያለያያል፤ በሕግም ያስጠይቃል።

አምስተኛ፣ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ከሚመለከተው የጤና ተቆጣጣሪ የብቃት ማረጋገጫ ጠይቁ።

ወጣቶችን በማኅበር እያደራጁ ብድር የሚያመቻቹ አካላትም ድርሻ አላቸው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለማንኛውም የመጠጥ ሥራ ብድር ሲፈቀድ የውሃ ምርመራ ውጤት ከማመልከቻው ጋር ቢያያዝ ትልቅ ወጪ አይደለም፤ ከኮምቡቻም አልፎ ለሻይ ቤቱ፣ ለጁስ ቤቱና ለበረዶ ሻጩ ይጠቅማል። ወንጂ ላይ ውሃው ቀድሞ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ስቃይ መዳን ይቻል ነበር።

እናንተም ውድ አንባቢያን፣ ኮምቡቻ ሲቀርብላችሁ «ከየትኛው ውሃ ነው? መቼ ተሠራ? በምን ዕቃ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ካለው፣ እናንተም ጤነኛ አዋቂ ከሆናችሁ፣ ጥቂት ቅመሱ። መልስ ከሌለው ንጹሕ ውሃ ይበልጥባችኋል። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ደግሞ ለማንኛውም ጠርሙስ ብላችሁ አታቋርጡ።