ቤት የትምህርት ቤትን ቦታ ሊተካ ይችላልን?

የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ተወሰነ። ትምህርቱም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ታሰበ። በዚያን ጊዜ «ልጅ ከወላጁ ሥር ከዋለ ምን ይጎድልበታል?» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አባባላቸው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። የዋግ ልጅ ፍየል መጠበቅን፣ ንብ ማነብን፣ በኽምጣና ቋንቋ የሚነገረውን ተረት የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቱና ከአያቱ ነው።

በእኔ አስተያየት ግን ቤት ያጣው ዕውቀትን ሳይሆን ጊዜን ነው። በሰቆጣ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ውሃው ይርቃል፤ በሰኔ እርሻ፣ በነሐሴ አረም አለ። ሬዲዮ ያለው ቤት እንኳ ቢሆን፣ ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ልጅቱ ጀሪካኗን አዝላ ከምንጭ መንገድ ላይ ትሆናለች። እናቲቱ ጨካኝ ሆና አይደለም፤ ሥራው ለአንድ ሰው ስለሚበዛ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ያመለጠውን አይደግምም፤ «አልገባኝም» ለምትለውም መልስ አይሰጥም። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ግን እናቲቱ ራሷ «በይ ሂጂ፣ እንዳትዘገዪ» ትላት ነበር።

ትምህርት ቤት የሚዘጋው በወረርሽኝ ብቻ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. በዋግ በጦርነት ምክንያት ተዘግቷል። ስለዚህ ዳግመኛ ቢዘጋ፣ ሬዲዮ ከማደል አስቀድሞ ከወላጆች ጋር ስለ ሰዓቱ መመካከር ያስፈልጋል። ልጅቱ በምትማርባቸው ሁለት ሰዓታት ውሃውን ማን ይቅዳ? ወንድሟ ቢቀዳስ ምን ነውር አለው?